«ጠፍቷል» ያልኩ ቀን

ይሄን የምጽፍላችሁ ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። አላምንም የሚል ካለም አልቀየመውም። በሌላ ሰው ደርሶ ብሰማ እኔም «ይሄን ሰውዬ ምን ነካው?» እል ነበር።

ግን በኔ ደረሰ።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ረፋድ ላይ ነው፣ ልክ አራት ሰዓት። ፀሐይዋ ግቢውን ሞልታዋለች፣ ጎረቤታችን ጎሚስታው ጎማ እየደበደበ ነው።

የምሠራው ባትሪ ቤት ነው። የደከመ የመኪና ባትሪ እንሞላለን፣ አልነሳም ያለ መኪና እናስነሳለን። ሥራውን ያስተማረኝ የእህቴ ባል ነው። ጋሼ ነው የምለው።

ጋሼ አንድ ሕግ ነበረው። ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ ግን አንዲት ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ስለዚህ ቻርጀሩ ሳይጠፋ፣ ሶኬቱም ሳይነቀል ባትሪው ላይ ያለውን የገመድ መቆንጠጫ መንካት ክልክል ነው። ማጥፊያው ራቅ ብሎ ግድግዳው ጋ ስለሆነ ለሁለት ነበር የምንሠራው።

ባትሪው ላይ ያጎነበሰው «ጠፋ?» ይላል።

ግድግዳው ጋ ያለው ያጠፋል፣ ይነቅላል፣ በዓይኑ ያያል። ከዛ «ጠፍቷል» ይላል።

ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራን።

የዛን ቀን ግድግዳው ጋ የነበርኩት እኔ ነኝ። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ እስቅ ነበር። አቧራ ገባ ብዬ መስኮቱን የዘጋሁትም እኔው ነኝ።

«ጠፋ?» አለ ጋሼ።

«ጠፍቷል» አልኩ።

ቀና እንኳ አላልኩም... ምላሴን በቆረጠው።

ፍንዳታው ጆሮዬን ደፈነው። ከዛ የአሲዱ ሽታ መጣ። ከዛ የጋሼ ጩኸት።

«ዓይኔ! ውሃ! ውሃ አምጣ!»

አሁን የምነግራችሁን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ውሃ ከማምጣቴ በፊት ግድግዳው ጋ ሄጄ ቻርጀሩን አጠፋሁ። ሶኬቱን ነቀልኩ። ለጥንቃቄ ነው እንዳልላችሁ... ለራሴ ነው። ሰው ሲመጣ ጠፍቶ እንዲያገኘው።

ጋሼ ሁለቱንም ዓይኖቹን አጣ። ሆስፒታል ሊጠይቀው ለመጣ ሁሉ «ቻርጀሩማ ጠፍቶ ነበር። ሁለቱን ገመድ እኔው አነካክቼው ይሆናል» ይል ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። እኔ መለከክ እንኳ አላስፈለገኝም፣ ራሱ ወሰደልኝ።



ቤቱ ከገባ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ሄጄ አልጠየቅሁትም። እህቴ ስትደውል «ሥራ በዛብኝ» እላታለሁ። እውነቱን ለመናገር ዓይኑን ማየት ፈርቼ ነው። የሌለ ዓይን!

ከዛ ነገሩ ጀመረ።

መጀመሪያ ቻርጀሩ ነበር። ሶኬቱ ተነቅሎ መሬት ላይ ተጋድሟል። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ግን የቻርጀሩ መለኪያ ቀስት ከዜሮ ተነስቶ መሃል ላይ ቆመ። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወረደ።

በማግስቱም እንደዛው።

በሦስተኛው ቀን ሚስማር ላይ የሰቀልኩት ጃኬቴ ጠፋ። ሌባ ነው ብዬ ግቢውን ስዞር ቆይቼ ተመለስኩ... ቦታው ላይ ተሰቅሏል። አውርጄ አሸተትኩት። ሆስፒታል ሳለ ለጋሼ የሚቀቡት የዓይን ቅባት ይሸታል።

ከሰዓት በኋላ ጎሚስታው ጠራኝ።

«አንተ፣ ተጣላን እንዴ?»

«ምነው?»

«በየቀኑ አራት ሰዓት ላይ ስትወጣ ሰላም እልሃለሁ። ዘግተኸኝ ታልፋለህ።»

«እኔ? አራት ሰዓት ላይ ከዚህ ወጥቼ አላውቅም።»

ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወው።

«ወደ እህትህ ቤት ነው የምትታጠፈው...» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ሲነጋ ወሰንኩ። የመጣው ይምጣ፣ ለጋሼ እውነቱን እነግረዋለሁ። ይቅር ካለኝ ይበለኝ፣ ካላለኝም ይፍረድብኝ። ጃኬቴን ሚስማሩ ላይ ትቼ በሸሚዝ ሄድኩ።

በሩን ሳንኳኳ አራት ሰዓት ከአምስት ሆኖ ነበር።

እህቴ ከፈተች። ስታየኝ ክው አለች።

«አንተ... በየት በኩል ወጣህ?»

«ከየት?»

«አሁን አስገብቼህ የለ እንዴ? ከሱ ጋ መኝታ ቤት አይደለህም?»

አልፌያት ገባሁ።

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ከውስጥ የጋሼ ድምፅ ይሰማል። ቀስ ብዬ ገፋሁት።

ጋሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል፣ ዓይኑ ላይ ነጭ ፋሻ ታስሯል። ፊቱን አጠገቡ ወዳለው ወንበር አዙሯል። ወንበሩ ላይ ሰው የለም። መደገፊያው ላይ ግን ጃኬቴ ተንጠልጥሏል።

«በቃ፣ አታልቅስ» ይላል ጋሼ ለባዶው ወንበር። «ሳታይ ጠፍቷል እንዳልከኝ በየቀኑ ትነግረኛለህ። በየቀኑ ይቅር ብዬሃለሁ። ስንቴ ልበልህ?»

«ጋሼ...» አልኩ ከበሩ።

ፊቱን ወደኔ አዞረ። ከዛ ወደ ወንበሩ። ከዛ እንደገና ወደኔ።

«ሁለት ናችሁ እንዴ?» አለ በሹክሹክታ።

እህቴ ከኋላዬ ክንዴን ጨበጠችው።

«ድምፃችሁ አንድ ነው» አለ ጋሼ። «በዕውር አትቀልዱ። ያን ቀን ጠፍቷል ያለኝ... ከሁለታችሁ ማነው?»

እኔ ነኝ። ሁለት ቃል ነው። ለሱ ብዬ ነው የመጣሁት። አፌን ከፈትኩ... ዞር ስል እህቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የባሏን ዓይን ያጠፋሁት እኔ መሆኔን አታውቅም።

አፌን ዘጋሁ።

ያኔ ከወንበሩ በኩል፣ በገዛ ድምፄ፣ መልስ መጣ።

«እኔ ነኝ።»

ጋሼ እፎይ አለ። እጁን ወደ ወንበሩ ዘረጋ።

«እሱ እውነቱን ተናግሯል» አላት እህቴን። ከዛ አገጩን ወደኔ ቀሰረ። «ያንን ሰውዬ አስወጪልኝ። አላውቀውም።»

እህቴ ክንዴን ለቀቀችው። አንዴ ወደ ወንበሩ፣ አንዴ ወደኔ አየች። ከዛ ደረቴን ገፍታ ወደ ውጭ አስወጣችኝና በሩን ዘጋችው።

ከመዘጋቱ በፊት የጃኬቴን እጅጌ አየሁት። ክንድ ገብቶበት ሞልቷል... ቀስ ብሎ ከመደገፊያው ላይ ተነሳና የጋሼን እጅ ጨበጠ።