ለጩማ የተነጠፈው ቅጠል

ጥላ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የሚሉ ታሪኮች እዚህ ቻናል ላይ አነባለሁ። አብዛኞቹ ሰዓት እንኳ አይጠቅሱም።

እኔ እጠቅሳለሁ። ነሐሴ 1998፣ ሐሙስ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። ከዳሞታ ተራራ ወገብ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው የእግር መንገድ። የደረሰው በራሴ ላይ ነው።

ሥራዬ በሽታ መከታተል ነበር። የልጅ እግር ድንገት ሲዝል ሄጄ የሰገራ ናሙና እወስዳለሁ፤ ፖሊዮ መሆን አለመሆኑ አዲስ አበባ ይመረመራል። ያን ቀን የሦስት ዓመቱ የማቲ ናሙና በበረዶ ሳጥን ውስጥ ጀርባዬ ላይ ነበር። ናሙናውን አዲስ አበባ የሚያደርሰው መኪና ሁለት ሰዓት ላይ ከሶዶ ይነሳል። ካመለጠኝ ቀጣዩ ሰኞ ነው... ናሙናው ደግሞ ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። ማቲን ምን እንደያዘው ሳይታወቅ ይቀራል።

ዝናቡ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ አላባራም። ቀዩ አፈር ሳሙና ሆኗል።

ባልደረቦቼ እንዲህ ሲሆን ብስክሌታቸውን እንደ በግ እየጎተቱ ይወርዳሉ። የምንነዳው ማውንቴን ብስክሌት ግን የተሠራው ለዚህ ነው። መቆጣጠር ያልቻለ በቅሎ ይከራይ።

የማቲ አባት ባዳቾ እስከ አጥሩ ሸኘኝ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ቁልቁል መንገዱ ላይ፣ ለምለም የእንሰት ቅጠል በየእርምጃው ተነጥፏል።

"በዚህ አትሂድ፣ ዶክተር።"

ዶክተር አይደለሁም። ነግሬው ነግሬው ሰልችቶኛል።

"ለምን?"

"ለሞተው ጎረቤታችን ለጩማ ነው የተነጠፈው። ነገ ይቀበራል። ቃሬዛ የሚሸከሙትን እንዳያንሸራትታቸው።"

"እኔንም እንዳያንሸራትተኝ ነው የምፈልገው።"

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ሬሳው ሳያልፍበት ሰው አይረግጠውም። ቀድሞ የረገጠው... ለሱ ይነጠፍለታል።"

"የት ድረስ ነው?"

"እስከ መቃብሩ። ከትልቁ ባሕር ዛፍ አያልፍም።"

"ባዳቾ፣ ልጅህ መቆም አቅቶታል፤ አንተ ስለ ቅጠል ታወራለህ።"

ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

ለኔ አክብሮት መስሎኝ ነበር።

ቅጠሉ ጎማውን በደንብ ያዘው። የኋላ ፍሬን ብቻ፣ በቀስታ... አንዴም አልተንሸራተትኩም። ባዳቾንም ፍርሃቱንም እየናቅኩ ወረድኩ።

ትልቁን ባሕር ዛፍ አለፍኩት።

ቅጠሉ አላቆመም።

የገዛ መቃብራቸውን ድንበር እንኳ በትክክል መናገር አይችሉም፣ አልኩ በሆዴ።

ትንሽ ወርጄ ቆምኩ። የባትሪዬን ብርሃን ከጎማው ፊት ወዳለው ቅጠል አወረድኩ። አንድ ነገር ልክ አልነበረም...

ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት።

ደረቅ ነው።

ከአራት ሰዓት በላይ ዘንቧል። ከልብሴ ውሃ ይንጠባጠባል። እሱ ግን ደረቅ ነው።

እያየሁት የመጀመሪያዋ ጠብታ አረፈችበት።

ገና አሁን ነው የተነጠፈው።

ባትሪውን ቀና አደረግኩ። ከፊቴ ሰው የለም። በቅጠሎቹ መካከል ባለው ጭቃ ላይ የእግር ዱካ የለም።

ከኋላዬ ግን ሰማሁ... ጭቃ የሚረግጡ ባዶ እግሮች።

መቁጠር ሥራዬ ነው፤ ቆጠርኩ። አራት ሰዎች። ከባድ ነገር እንደተሸከሙ፣ እርምጃቸውን አጠር አድርገው፣ እኩል ይራመዳሉ።

ጉዞ ቀጠልኩ። ቀጠሉ።

ፍሬን ያዝኩ። አንድ እርምጃ ዘግይተው ቆሙ።

ከቅጠሉ ወጥቼ መሄድ እችል ነበር። በጭቃው ከሄድኩ ግን መኪናው ላይ አልደርስም። ስለ ናሙናው ብዬ ነው፣ እላለሁ እስከ ዛሬ። እውነቱን ለመናገር፣ ለባዳቾ ቅጠል መንገድ መልቀቅ አሳፍሮኝ ነው።

ዞሬ ሳላይ ወረድኩ።

ለሁለት ሰዓት አራት ደቂቃ ሲቀረው መሥሪያ ቤታችን ግቢ ገባሁ። ሾፌሩ ጉልላት ሞተር አስነስቷል።

"መጣህ? እኔማ ገደል በልቶታል ብዬ ነበር።"

"ሳጥኑን ያዝ።"

"ጥርስህ ይንቀጫቀጫል እኮ።"

"ብርድ ነው። ሂድ።"

መኪናው ወጣ። የማቲ ናሙና ተረፈ።

ግቢያችን ሲሚንቶ ነው፤ እንሰት የለበትም። ከጎማዬ አንድ እርምጃ ፊት ለፊት ግን አንድ ለምለም ቅጠል ተነጥፎ ነበር። ደረቅ።

ከሱ ወዲያ ሌላ የለም።

ዘበኛው ሻንቆ ከወንበሩ ተነሳ። ሻንቆ ለኃላፊው እንኳ የማይነሳ ሰነፍ ነው።

"ሻንቆ... ማን ነው?"

ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኖቹ ከበሩ ጀምረው፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ አንድ ነገር እየተከተሉ መጡ...

እኔ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

ከዚያ በዝግታ ወደ መሬት ወረዱ... ሸክም ሲቀመጥ እንደሚያይ ሰው።