ፊት አልወጣ ያለው ጭቃ

ቀራፂ ብርቄ ጠዋት የገዛ እግሯን አቡክታ ዝቅ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። እግሩ ከተቆረጠ ሰንብቷል፤ በምትኩ የተገጠመላት ሰው ሠራሽ እግር ከእሷ በላይ ይቸኩላል። በላንጋኖ ሐይቅ ላይ በምትንሳፈፈው ከተማ መቃብር የሚቆፈርበት መሬት ስለሌለ፣ የሰው አጥንት ተፈጭቶ «ትዝጭቃ» ይሆናል፤ አካሉ በሕይወት ሳለ የለመደውን ቅርጽ እያስታወሰ በራሱ የሚንቀሳቀስ ጭቃ ማለት ነው። ቀራፂ መልክ ያስይዘዋል፣ ምድጃ ይገባል፣ ከዚያ ወዲያ አይለወጥም። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ ምስል ብቻ ነው።

ብርቄ የስንቱን ሟች ፊት አውጥታለች። ሐኪሞቹ በሽታው ከእግሯ አልፎ መሰራጨቱን ሲነግሯት የራሷን ለሌላ እጅ መተው አልሆነላትም፤ ከተቆረጠው እግሯ አጥንት በሕይወት ሳለች ራሷ ልትቀርፀው ወሰነች። ሥራ ለብ ለብ የሚያደርገው ባልደረባዋ አፍንጫዬን ያጣምመዋል ብላ ፈራች። ለልጇ የሚቀረው ያ ፊት ብቻ ነው።

ጭቃው ግን እምቢ አለ። አፍንጫ ስታበጅለት ይውጠዋል፤ ግንባር ስታወጣለት መሃሉ ይሰረጎዳል። ሞላችው፤ መልሶ ተሰረጎደ። የማቡኪያ ማሽኑ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ጠጋኝ አስጠራች፤ ጠጋኙ ምንም እንዳልሆነ ምሎ ተገዝቶ ሄደ። ዕድሜዋን ሙሉ የተሸከማት እግር እንዴት አያውቃትም? ግራ ገባት።

ከሰዓት በኋላ ልጇ ሶስና ስትመጣ ምሬቷን ሁሉ ዘረገፈችላት። ሶስና ጎድጓዳውን ዳበሰችው፤ ከዚያ ተንበርክካ ጉንጯን አስተኛችበት። ጠበባት። ጭቃው ቀስ ብሎ ሰፋላት።

«እማዬ፣ ሹሩባ ስትሠሪኝ እንዲህ ነበር የምታስተኚኝ። ጭንሽ ነው።»

«እኔስ? የእኔ መልክ የታለ?»

ብርቄ መቅረጫዋን እንደጨበጠች ቆመች። ያ ሁሉ ሟች ትዝ አላት፤ ጭቃቸው ወደ ክንድ፣ ወደ ትከሻ ሲያዘነብል እሷ እየጨፈለቀች ፊት ታወጣለት ነበር። ማንን ሊያቅፍ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ሶስና ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ያዘቻት።

«አትነሺ። ፀጉርሽ ተንጨባሯል።»

ጎንጉና ስትጨርስ ምድጃውን አጋለችና ጎድጓዳውን እንዳለ አስገባችው። በሩን ከዘጋች በኋላ መስታወት ፊት ሄዳ የራሷን መልክ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ አካሏ እንኳ ያላስታወሰው ይህ ፊት የማን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም።