ድንጋዩን አውቆ የዋጠው ሰውዬ

እኔ፣ ወዳጄ፣ በጋኔን አላምንም፣ በቡዳ አላምንም፣ እናቴ «ቀትር ላይ አትውጡ፣ ክፉ ነገር አለ» ስትለን ሆን ብዬ ወጥቼ ደጃፍ የምጨፍር ልጅ ነበርኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉም ታሪክ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ እና አሁን የማወራህን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ «ፀሐይ መቶሃል» ብዬ ራሱ ላይ ውሃ እደፋበት ነበር።

ነገሩ የመጣው በቂልነቴ ነው። ከገዳሪፍ ወደ ሾዋክ ሄጄ የስደተኛ መታወቂያዬን ላሳድስ ማልጄ ወጣሁና፣ መናኸሪያው ላይ ከአንድ ቲማቲም ሻጭ ጋር ስከራከር አውቶብሱ ወዴት እንደዞረ እንኳ ሳላይ ዘልዬ ገባሁ፣ ፎጣዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ተኛሁ፣ ረዳቱ «ኡስታዝ፣ ዶካ!» ብሎ ሲቀሰቅሰኝ «የተሳሳትከው አንተ ነህ፣ ይሄ ሾዋክ ነው» ብዬ ተቆጣሁት። ካርታ ሰቅሎ ሰሜንና ደቡብ ሲያስተምር የኖረ ሰውዬ!

ዶካ ስወርድ ቀትር ነበር። የመመለሻ መኪና እስኪገኝ የአስካለ ራኩባ፣ የሣር ዳሷ ጥላ ሥር ገባሁ። አስካለ የቋራ ሴት ናት፣ ዶካ ላይ ሻይ ስትሸጥ ያረጀች፣ ምላሷ ከዝንጅብሏ ይበልጥ የሚያቃጥል። ከጥላው ሥር የሰሊጥ አጨዳ የሚሄዱ ጎረምሶች ሎሪ እየጠበቁ ተኮልኩለዋል፣ አንደኛው ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

«ጋሼ፣ ታሪክ ታውቃለህ አሉ» አለኝ። «እዚህ ላይ የሮማ አማልክት ማለት ስማቸው የተቀየረ የግሪክ አማልክት ናቸው ይላል። ዜውስን ጁፒተር አሉት፣ አለቀ። እንደኛ በላቸው፣ እኔ አገር ቤት ማሩ ነኝ፣ እዚህ ማህሙድ።»

ተናደድኩ። ጡረታ የወጣ መምህር ምን ሥራ አለው፣ መናደድ ነው እንጂ!

«እኔም እዚህ ዑስማን ነኝ» አልኩት፣ «ግን ዑስማንም ሲባል ያው ሻይ የሚደፋ ሽማግሌ ነው። ከነሱ መሀል እንደ አፖሎ ስሙንም ሳይቀይር የተሻገረ አለ። ሌሎቹ ግን ባሕሩን ሲሻገሩ ጠባያቸውም ተለወጠ። አሬስን ግሪኮች ይጸየፉት ነበር፣ ደም የሚያሰክረው፣ ራሱ ሲቆስል ግን እንደ ሕፃን የሚጮህ ባለጌ ነው ይሉት ነበር። ሮማውያን ማርስ ብለው፣ የአገራችን አባት ነው ብለው፣ ወር በስሙ ሰየሙለት!»

«አንተ ምን አናደደህ?» አለች አስካለ። «ዘመድህ ነው?»

«ቆይ፣ ክሮኖስን ስሚ! ግሪክ አገር ልጆቹን የሚውጥ አባት ነው፣ ከልጆቼ አንዱ ሥልጣኔን ይቀማኛል ብሎ፣ በተወለዱ ቁጥር ይውጣቸዋል። እናትየዋ ሲመርራት የመጨረሻውን ደብቃ፣ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ሰጠችው፣ ልጁ መስሎት ዋጠው። ይኸው ሰውዬ ሮማ ሲደርስስ? ሳተርን ተባለ! ማጭድ የያዘ ደግ ሽማግሌ፣ እርሻ ያስተማረ፣ በዘመኑ ጥጋብ የነበረ፣ በበዓሉ ቀን ጌታ ባሪያውን አስቀምጦ የሚያበላለት! የዋጣቸውን ልጆችስ ማን ጠየቀው? ማንም!» ብዬ ጠረጴዛውን ስመታ ሻዩ ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ።

«አንዱን ተሳስተሃል» አለ ከኋላዬ አንድ ድምፅ፣ በጥሩ የጎንደር አማርኛ። «ድንጋዩን አውቆ ነው የዋጠው።»

ጎረምሶቹ ተነሡ። «አቡል ኸይር መጣ!» አሉ። አስካለ ጎንበስ ብላ፣ «ባለእርሻው ነው፣ የመልካም ነገር አባት ማለት ነው ስሙ፣ ለሠራተኛ በሬ ያርዳል ይሉታል» አለችኝ። ዞር አልኩ፣ አየሁት፣ እመነኝ፣ አወቅሁት።

በዚያ በክፉው ዘመን የሰፈራችን ሊቀመንበር የነበረው ሰውዬ ነው። ታናሽ ወንድሜን ከነደብተሩ ከቤታችን አውጥቶ የወሰደው፣ እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ የለመነችው። ያኔ ጎልማሳ ነበር። እኔ ይኸው ጥርሴ ረግፎ የገንፎ ወዳጅ ሆኛለሁ፣ እሱ ግን ያኔ በነበረበት ዕድሜ ላይ ቆሟል፣ አንዲት ሽበት አልጨመረም። ልጁ ይሆናል ብዬ ራሴን ላረጋጋ ሞከርኩ፣ ግን የተቆረጠ የግራ ጆሮ ይወረሳል እንዴ?

አጠገቤ ተቀመጠ። የፈሰሰው ሻዬ ላይ የነበሩት ዝንቦች በአንድ ጊዜ ብድግ ብለው ሄዱ። ከዚያ ከሆዱ በኩል ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ የራበው መሰለኝ፣ እንዲህ ያለ ረሃብ ግን የለም፣ መምህሩ ሳይገባ የተማሪዎች ጉርምርምታ ከግድግዳ ማዶ ሲሰማ እንደሚሆነው ነው፣ ያንን ድምፅ ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በመሀሉ ቀጭን ፉጨት አለ። ወንድሜ የፊት ጥርሱ ተሸርፎ ስለነበር ሲያነብ ያፏጭ ነበር።

«ምን አደረግኸው?» አልኩት።

«የቱን?» አለኝ።

ወዳጄ፣ «የቱን» ነው ያለኝ! ደሜ ሲፈላ አየና ጨመረልኝ፦ «እዚህ ያበላሁትን እንጂ የበላሁትን የሚጠይቀኝ የለም።»

ተነሥቼ ጮህኩ። «አትሂዱ! ይሄ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ጎረምሶቹ ሳቁ። «ሽማግሌው ሻይ ነው ወይስ አረቄ የጠጣው?» አለ አንዱ። ሰውዬው ራሱ በርኅራኄ ፈገግ ብሎ «ፀሐይ ነው፣ ውሃ ስጡት» አለ። ከዚህ በላይ ምን ያናድዳል?

ማሩን ክንዱን ያዝኩት።

«ልቀቀኝ፣ ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ። «ሁለት ወንድሞቼ ሊቢያ እንሄዳለን ብለው ቀሩ። ለእናቴ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሠርቼ ካልላክሁላት ምን ትብላ?»

«ያላ! ያላ!» ይላል ከባለእርሻው ጋር የመጣው የሎሪ ሾፌር። ሰዉ ተጫነ። ያልሳቀችው አስካለ ብቻ ነበረች።

«ማሩ፣ ከመሄድህ በፊት ከጓሮ ያንን በርሜል አንሣልኝ፣ ወገቤ አይችልም» አለችው፣ ሄደላት። ያኔ ከአገሯ ተሸክማ ያመጣችውን፣ ቅመም የምትፈጭበትን ጥቁር መጅ አንሥታ፣ ማሩ አግዳሚው ላይ ትቶት በሄደው ብርድ ልብስ ጠቀለለችው፣ እንደ ሕፃን ታቅፋ ሄደችና ጋቢና ውስጥ ለተቀመጠው ሰውዬ «ይኸው፣ ልጁ» ብላ ሰጠችው። ተቀበላት። መዘነው፣ እኔን አየኝ፣ ጥቅሻ ጣለልኝ፣ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ሎሪው ሄደ። አንድም ሰው «ማሩስ?» አላለም።

«ምን ማድረግሽ ነው?» አልኳት።

«አንተ አይደለህ የነገርከን?»

«ተረት ነው እኮ፣ አስካለ!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሃል?»

ያኔ ማሩ በርሜሉን ተሸክሞ ከጓሮ ብቅ አለ፣ ሎሪው የለም።

ማሩ ሥራዬን አሳጣችሁኝ ብሎ ሊደበድበኝ ምንም አልቀረውም። አሁን ገዳሪፍ እኔ ዘንድ ነው፣ ዳቦ ቤት ይሠራል፣ ለእናቱ ይልካል፣ እኔን ግን እስከዛሬ ይቅር አላለኝም። አብረውት የነበሩት ልጆች ስልካቸው አይጠራም። አስካለ «እዚያ ኔትወርክ የለም» ትላለች፣ ግን አጨዳው ካለቀ ቆየ፣ ሰሊጡም ተሽጦ አለቀ፣ ማንን ብጠይቅ «አቡል ኸይር? ደግ ሰው ነው!» ይለኛል፣ ይኼ ነው የሚያንገበግበኝ።

ብርድ ልብሱ ተመልሷል። ሾፌሩ በሥርዓት አጣጥፎ ለአስካለ ሰጣት፣ እሷ ላከችልኝ። እርጥብ ነበር። ጓሮ ገመድ ላይ ካሰጣሁት ሰንብቷል፣ በዚህ በገዳሪፍ ፀሐይ፣ እመነኝ፣ እስካሁን አልደረቀም።

ድንጋዩ ግን አልተመለሰም። አስካለ በደወልኩላት ቁጥር «መጄን!» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው፣ ስለ እኔ ጩኸት ነው ያጣችው። እኔም ወንዝ ወርጄ ለመጅ የሚሆን ሸጋ ድንጋይ አነሣለሁ፣ ከዚያ እንደ እብድ ጆሮዬ ላይ እለጥፈዋለሁ፣ የወንድሜን ፉጨት ብሰማ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ባልሰማም ደስ አይለኝም፣ መልሼ እጥለዋለሁ። እና ይኸው፣ የሴትዮዋ መጅ እስከዛሬ አለብኝ።