ጥጥ የተጠቀጠቀበት ብልቃጥ

ቀጨኔ ውስጥ የቤት ግድግዳ ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም። ያኛው ቤት ሲነጠስ «ይማርህ» የሚባለው ከዚህኛው ነው። ስለዚህ ሰምሀል የክኒን ብልቃጥ ይዛ የመጣች ዕለት፣ ያሳደጓትና አብረዋት የሚኖሩት አክስቷ ወይዘሮ ንግሥት ብልቃጡን ነቅነቅ አደረጉና «ይኼማ ይንኳኳል፤ ጎረቤት ምን ይላል?» አሉ። ወዲያው ባዘቶ ጥጥ ቆንጥረው ከክኒኑ ላይ ጠቀጠቁበት። አዲስ ብልቃጥ በመጣ ቁጥር ይኼ የእሳቸው ሥራ ሆነ።

ሰምሀል ግን በሽተኛ አልነበረችም። እሷና ሸማኔው ባሏ ኪሩ ከመጋባታቸው በፊት ሲመረመሩ ኤች አይ ቪ በእሱ ደም ተገኘ፣ በእሷ አልተገኘም። ተዋደዋልና ተጋቡ። እሱ ሕክምናውን ጀመረ፤ በደሙ ያለው ቫይረስ እስኪዳከም ድረስ ደግሞ እሷን እንዳይዛት በየቀኑ የምትውጠው የመከላከያ ክኒን ተሰጣት። በአግባቡ ለሚወስደው ሰው አስተማማኝ ነው። ያልተዋጠ ክኒን ግን ማንንም አይጠብቅም።

ክረምቱ ሲገባ ሰምሀል ተለወጠች። ሽሮ ሜዳ ሄዳ ነጠላ መቋጨቱን ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች፣ የቀረበላት ምግብ ሳይነካ ይነሳል። ኪሩ በበሽታው ምክንያት የጠላችው መስሎት አንገቱን ደፋ። ወይዘሮ ንግሥት ደግሞ የሰፈሩን ፍርድ ፈረዱ።

«ድብርት የጥጋብ ነው» አሏት። «እኔ በአንቺ ዕድሜ ከእንጦጦ እንጨት ስሸከም ማን ደበረሽ ወይ አለኝ? ተነሺ፣ ሥራሽን ያዢ፣ ይለቅሻል።»

ሰምሀል ብርድ ልብሷን ተከናነበች። ይኼ ለአክስቷ ንቀት መሰላቸው። የብዙዎቻችን ስሕተት እዚህ ላይ ነው፤ እግሩ የተሰበረውን ሰው ሩጥ አንለውም፣ መንፈሱ የተሰበረውን ግን ተነስ እያልን ስንጨቀጭቀው እንውላለን።

አንድ ጠዋት ወይዘሮ ንግሥት አልጋ ሲያነጥፉ ብልቃጡን ትራስ ሥር አገኙትና ከፈቱት። ባዘቶው ራሳቸው እንደጠቀጠቁት ነው። ከሥሩ አንድም ክኒን አልተነካም።

«ምነው ልጄ? ከባልሽ ጋር እየኖርሽ ይኼን ሳትውጪ?»

«እጄ እምቢ አለኝ፣ እትዬ። ክዳኑን መክፈት እንኳ...» ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች። «ደግሞስ ቢይዘኝ? ለምን ብዬ ነው የምጠነቀቀው?»

ወይዘሮ ንግሥት ክው አሉ። ይቺ ልጅ አልሰነፈችም፤ መኖር ነው ያስጠላት። ነጠላቸውን ደረቡ፣ ክንዷን ይዘው ጤና ጣቢያ ወሰዷት።

ነርሷ ሲስተር ቦንቱ መጀመሪያ ደሟን መረመረች፤ ክኒኑን ያቋረጠ ሰው ሳይመረመር እንደገና አይጀምርም። ውጤቱ እስኪመጣ ወይዘሮ ንግሥት የሚያውቁትን ጸሎት ሁሉ ደገሙ። ቫይረሱ አልተገኘባትም። ቦንቱ ለማረጋገጫ ሌላ ቀጠሮ ሰጠቻትና ስለ እንቅልፏ፣ ስለ ምግቧ፣ በሆዷ ስለያዘችው ሐሳብ ትጠይቃት ጀመር። ሰምሀል ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ዘርግፋ ተናገረች።

«ይኼ ጥጋብ አይደለም፣ እናቴ» አለች ቦንቱ ወደ አክስቷ ዞራ። «ድብርት በሽታ ነው፣ ደግሞም ይታከማል። እንዲህ ሆና ‹ክኒንሽን ዋጪ› ብቻ ብንላት አትችልም። ሁለቱንም አብረን እንይዛለን።»

ወይዘሮ ንግሥት መሬት መሬት አዩ። «ማታ ማታ ሲንኳኳ ብሰማው ኖሮ፣ የቀረ ዕለት አውቅ ነበር። ጥጡን የጠቀጠቅኩት እኔው ነኝ።»

ሰምሀል ክኒኗን እንደገና ጀመረች፣ የምክር ሕክምናዋንም ተከታተለች። እንዳልጠላችው የገባው ኪሩም እየሸኘ ይመልሳታል። ድብርቱ በአንድ ቀን አልለቀቃትም፣ ግን ለቀቃት። መስቀል ሲደርስ ሽሮ ሜዳ ተመልሳ ነጠላ ትቋጭ ነበር።

አዲስ ብልቃጥ በመጣ ዕለት የወይዘሮ ንግሥት እጅ ወደ ባዘቶው አልሄደም። ማታ ሰምሀል ክኒኗን ስታወጣ ብልቃጡ ተንኳኳ።

«ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አሉ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኡመይማ ከግድግዳው ማዶ።

ወይዘሮ ንግሥት የልጅቷን ፊት አዩ። ሰምሀል ራሷ መለሰች።

«መድኃኒቴ ነው፣ እማማ። ኤች አይ ቪ እንዳይዘኝ የምወስደው። ድብርት ይዞኝ አቋርጬው ነበር፣ ታክሜ ጀመርኩት።»

ወይዘሮ ንግሥት ነገ የሰፈሩ ወሬ እኛ ነን ብለው ጠበቁ። ቆይቶ የወይዘሮ ኡመይማ ድምፅ ወደ ግድግዳው ተጠግቶ ተሰማ።

«ልጄ ሀያምም እኮ ተሸፋፍና ከተኛች ሰነበተች። እኔ ስንፍና መስሎኝ ስቆጣት ከረምኩ። የት ነው የታከምሽው?»

«ጠዋት ቀስቅሻት» አሉ ወይዘሮ ንግሥት፣ «አብረን እንወስዳታለን። አደራሽን፣ አትቆጫት።»