ከጥቁሩ ንብርብር በታች

ንጉሡ ባረፉ በሦስተኛው ዓመት፥ በበጋ፥ ከቀትር በኋላ፥ ቀድሞ ፍርድ ቤት በነበረው ቤተ መዘክር ውስጥ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው፥ ራስ በሌለው፥ ድንጋይ በሆነ የጥንት ዓሣ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር፤ አንደኛው የቤተ መዘክሩ ሹም፥ ሁለተኛው ድንጋይን በመላስ የሚለይና ስለዚህም «ምላሱ» የሚባል ሽማግሌ ጉድጓድ ቆፋሪ። ዓሣው የተገኘው በቅርቡ ከሞተው ከቀድሞው የጉድጓድ ሥራ አለቃ ሳጥን ነው፤ ከየት እንደወጣ የሚናገር ወረቀት ግን አልነበረውም።

«እንዲህ ያለ ቅርፊት ያላቸው ሁለት ዓሦች አሉ፤» አለ ሹሙ፤ «አንዱ የሐይቅ፥ አንዱ የባሕር። የሚለዩት በራሳቸው ነው፤ ራሱ ደግሞ ይኸው የለም። ድንጋዩ ከየትኛው አፈር እንደወጣ ቢነግሩኝ፥ አባቴ፥ የቀረው ለኔ ይሁን።»

ሽማግሌው የድንጋዩን ጀርባ ላሰ።

«ሚስቴ የሠራችውን ሁሉ ጨው የለውም ስል ኖሬ፥ ዛሬ ድንጋይ ጨው በዛበት ልል ነው።»

ሹሙ ሳቀ። ሽማግሌው ግን ድንጋዩን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ዳሩ ላይ እንደ ጥላሸት የጠቆረ አመድ ተጣብቆ ነበር። አመዱን በጥፍሩ ፋቅ አድርጎ አየው።

«በዚህ ከተማ ከላይ ቀይ ሸክላ አፈር ነው፤ ቀጥሎ የሐይቁ ነጭ ድንጋይ፤ ቀጥሎ ጥቁሩ አመድ። ጨዋማው ከአመዱ ስር ነው፤ ሠላሳ ክንድ።»

«እንግዲያው የባሕር ነው!» አለ ሹሙ ብዕሩን እያነሣ።

«ይቆዩ፥ ጌታዬ። እዚያ ድረስ ሊወርድ የታሰበ ጉድጓድ አንድ ብቻ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ የቆፈረው፥ አሁን ይህ ክፍል የተሠራበት። አለቃው ‹ቀዩን አፈር ሳይጨርስ ጥሎኝ ጠፋ› ብሎ መሰከረበት፤ የጉድጓዱንም አፍ በድንጋይ አስዘጋው። እናታችን የከዳተኛ እናት እንደተባለች ሞተች።»

ሹሙ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

«ከተዘጋ በኋላ ሦስት ቀን ከስር ይንኳኳ ነበር፤» አለ ሽማግሌው። «አለቃው ‹ውሃ ነው› አለን። እኛም አመንነው፤ ቀይ አፈር ውሃ እንደሌለው እያወቅን፥ ቆፋሪዎች ሆነን!»

ሹሙ ሳያውቀው እግሮቹን ከወለሉ ላይ አነሣ።

«ምን ላድርግልዎ?»

«ስሙን ይጻፉልኝ። ይህን ያወጣው እሱ ነው።»

በዚያን ጊዜ የአለቃው ልጅ የከተማው ገዥ ነበር፤ ሹሙም የሚያሳድጋቸው ልጆች ነበሩት። ከዓሣው ጋር በሚቀመጠው ካርድ ላይ የባሕር ዓሣ መሆኑንና ጥልቀቱን ጻፈ፤ ከስሩም የሽማግሌውን ታናሽ ወንድም ስም አሰፈረ፤ «ያወጣው» የሚለውን ቃል ለመጨመር ግን እጁ አልታዘዘውም። ማንበብ የማይችለው ሽማግሌ ፊደሎቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ እንባውን ጠርጎ፥ አመስግኖ ወጣ።

ገዥውም፥ ሹሙም፥ ሽማግሌውም አለፉ፤ ጉድጓዱን የከፈተው የለም። ከብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ሊቃውንት በካርዱ ላይ ያገኙትን ስም የአገሩ ሰው ለዓሣው ያወጣለት መስሏቸው በመጽሐፍ አተሙት። ዛሬ ተማሪዎች ያንን ስም በቃላቸው ያጠናሉ፤ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት ይኖር እንደነበረም ይማራሉ።