በአንድ ጫፉ የተሰጣ አንሶላ

ሐሙስ፣ ኦገስት 15 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ የእህቴ የሄዘር ስልክ ጠራ። ጥሪው ሁለት ደቂቃ ያህል ቆየ። አራት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዘር ሊድስ ውስጥ በተከራየችው ቤት፣ ከምድር ቤቱ የድንጋይ ደረጃ ግርጌ ሞታ ተገኘች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነበር።

እኔ በዚያ ሰዓት የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ፍሬን እየቀየርሁ ነበር። ስልኬን ዘይት እንዳይነካው በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ውስጥ አድርጌዋለሁ። «ከደወሉልኝ መጀመሪያ የምነግረው ላንተ ነው» ብላኝ ነበር። የኔ ስልክ አልጠራም።

ሄዘር ሕግ ተምራ ከተመረቀች አራት ዓመት ሆኗት ነበር። ጠበቃ ለመሆን ግን አንድ የጥብቅና ድርጅት በተለማማጅነት ተቀብሎ ሁለት ዓመት ሊያሠራት ይገባል። ለአምስት ቦታ ስምንት መቶ ሰው ያመለክታል። በዚያ ዓመት ለአሥራ አንድ ድርጅቶች አመልክታ፣ የሁሉንም ስም ከአልጋዋ በላይ በለጠፈችው ሰንጠረዥ ላይ ጽፋ ነበር። ዘጠኙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ የኤክስ ምልክት አድርጋለች። አንዱ መልስ አልሰጠም። የቀረው ሆብዴል እና ክሪር የሚባለው ነበር። እዚያ ለሁለት ሳምንት ሙከራ ገብታ፣ ውጤቱን የምትጠብቀው በዚያ ሐሙስ ነበር።

አብረዋት የሚኖሩት ቴሳና ፊሊፓም እዚያው ድርጅት ተሞክረው ያንኑ ቀን ይጠብቁ ነበር። ሦስቱ ማመልከቻቸውን እየተለዋወጡ ይተራረማሉ፤ ስህተት ያገኘ ሻይ ይጋበዛል። አራተኛው ተከራይ ዶሚኒክ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ነው፤ በሳህን እጥበት ከሄዘር ጋር ሲጨቃጨቅ የሰማው ጎረቤት ብዙ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ፖሊስ ነገሩን በአንድ ቀን ጨረሰው። ቴሳ የሰጠችው ቃል አጭር ነበር፦ ከድርጅቱ ደውለው አልተቀበልንሽም አሏት፤ አለቀሰች፤ ወደ ምድር ቤት ወረደች፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ፖሊሱ ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ምናልባት ራሷን ወርውራ ሊሆን እንደሚችል ነገረን። እናታችን ይህን ከሰማች በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፦ «ልጄ ጥላን ሄደች ወይስ ወሰዷት?» እሷም ቀኑን ሙሉ ትጠይቃለች፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ሻይ አፈላለሁ።

ዓርብ ዕለት ኢንስፔክተር ሞሪን ሱግደን መጣች። ወደ ስድሳ የሚጠጋት፣ አጭር፣ ከረሜላ የማይለያት ሴት ናት። ወደ ምድር ቤቱ ከመውረዷ በፊት በጓሮ በር ወጣች። በጠባቡ የጓሮ መንገድ ላይ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ በተወጠረው ገመድ ሁለት ፎጣዎች ተሰጥተዋል። ከእነሱ ቀጥሎ አንድ አንሶላ በአንድ ጫፉ ብቻ ተቆንጥጦ፣ ሌላው ጫፉ መሬት ላይ ወድቋል። ማንም አላነሳውም።

«ኪሷ ውስጥ ምን ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«የልብስ መቆንጠጫ። አምስት» አልኳት። ዕቃዋን ያስረከቡኝ በላስቲክ ከረጢት ነው።

«ስልኳስ የት ተገኘ?»

ሦስቱ በዚያን ጠዋት ስልኮቻቸውን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ባለ ትሪ አስቀምጠው፣ እስኪጠራ ድረስ ላንነካቸው ብለው መማማላቸውን፣ የሄዘርም ስልክ ከትሪው ላይ መገኘቱን ነገርኳት። ከረሜላዋን ወደ ሌላው ጉንጯ አዛወረች።

«እንግዲህ እንቢ ከተባለች በኋላ ስልኩን በሥርዓት ወደ ቦታው መልሳ ነው ያለቀሰችው» አለች።

ያን ጊዜ ነው ከትናንት ጀምሮ ሲከነክነኝ የነበረውን ነገር የነገርኳት። ሄዘር በአራቱ ዓመት ውስጥ ያስተማረችኝ ነገር ነው። ድርጅቶቹ የሚደውሉት ሲቀበሉ ብቻ ነው። እንቢታው በኢሜይል ይመጣል። ከጽሕፈት ቤቱ ተደውሎ «አልተቀበልንሽም» የተባለ ሰው ሰምታ አታውቅም።

«ይህን ለፖሊሱ ነግረኸዋል?»

«ነግሬው ነበር። አልጻፈውም።»

ኢንስፔክተሯ በዚያው ቀን ሁሉንም ለየብቻ አነጋገረች። ዶሚኒክ አልጋው ላይ ተኝቶ እንደነበር፣ ስለ ሳህኖቹ ግን አሁን ጸጸት እንደሚያቃጥለው ነገራት። ፊሊፓ ገላዋን እየታጠበች ስለነበር የስልኩን ጩኸት እንኳ አልሰማችም፤ ሬሳውን ያገኘችው እሷ ናት። ቴሳ ያለችውን ደገመች። ሲነሱ ሱግደን ከሁለቱም ሴቶች አንድ ነገር ብቻ ለመነች፤ በዚያ ዓመት ለየድርጅቱ የላኩትን ማመልከቻ ሁሉ። ቴሳ ምን ሊረባ እንደሚችል ጠየቀች። «ሥራ ሳጣ ላመለክት ነው» አለቻት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። ከድርጅቱ አቶ አልደርሰን የሚባሉ፣ ተለማማጆችን የሚመለምሉ ሰው መጥተው ነበር። እኔ ከምድር ቤቱ በር አጠገብ ቆምሁ፤ ሌላ ቦታ አልነበረም።

ሱግደን አልተቀመጠችም። አንሶላ የምታሰጣ ሴት አንዱን ጫፍ ቆንጥጣ ሌላውን መሬት ላይ የምትጥለው ስትሮጥ ብቻ ነው አለች። ሄዘር የራሷን ስልክ በክፍቱ መስኮት ሰምታ፣ መቆንጠጫዎቹን ኪሷ ከታ ሮጠች። ስትደርስ ግን ስልኩ ተነስቶ ነበር።

ከዚያ አቶ አልደርሰን የጽሕፈት ቤታቸውን ማስታወሻ አነበቡ። ድርጅቱ ሄዘርን ተቀብሏታል። ስልኩን ያነሳችው ሴት ግን አመስግና፣ ግሪንሆው የሚባል ሌላ ድርጅት እንደተቀበላት ተናግራ ቦታውን መልሳለች። ምክንያት ስትጠየቅ የሰጠችው መልስ ቃል በቃል ተጽፏል፦ «ተለማማጁ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከደንበኛው ፊት የሚቀመጥበት ቤት ነው የምፈልገው።» በዚህ ምክንያት ቦታው ዓርብ ጠዋት ወደ ተጠባባቂዋ ተላለፈ።

ፊሊፓ ቀና ብላ ቴሳን አየቻት።

«ሴት ናት ከተባለ ዶሚኒክ ወጣ» አለች ሱግደን። «ሁለታችሁም እዚህ ነበራችሁ፤ ሁለታችሁም ያንን ቦታ ትፈልጉ ነበር። ተጠባባቂዋ ማን እንደሆነች አስቀድሞ ለማንም አልተነገረም። ስለዚህ ማን እንዳገኘው ማየት ብቻ አይበቃኝም። ግሪንሆው ግን በሄዘር ሰንጠረዥ ላይ የለም። በፊሊፓም ወረቀቶች ውስጥ የለም። አንቺ ጋ አለ፣ ቴሳ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ይህ ዐረፍተ ነገር አለ፤ ደንበኛውም፣ የመጀመሪያው ሳምንትም።»

«‹ቤት› የሚለውን ቃል ያስገባሁላት እኔ ነኝ» አለች ፊሊፓ ቀስ ብላ። «እሷ ‹መሥሪያ ቤት› ብላ ነበር። ሻይ ጋበዘችኝ።»

ሄዘር በዚህ ነገር ስትስቅ ትዝ አለኝ። ሁሉም አንዱን መልስ ሸምድዶ ስም ብቻ እየቀየረ ይልካል፤ አንዳንዱም ስሙን መቀየር ይረሳል ትል ነበር።

ቴሳ አልካደችም።

«ሠላሳ ስምንት ጊዜ እንቢ ተብያለሁ» አለች። «ያነሳሁት እንዳይዘጋባት ብዬ ነው፤ ልጠራት ነበር። ሴትዮዋ ማን እንደሆንሁ ሳልነግራት እንኳን ደስ አለሽ አለችኝ። ለኔ እንደዚያ ያለኝ ሰው የለም። አፌ ራሱ ተናገረ። ስዞር ሄዘር በጓሮው በር ገብታ ቆማለች። ስልኩን ልትነጥቀኝ ስትል ገፋኋት። ከኋላዋ የምድር ቤቱ በር ክፍት መሆኑን አላየሁም።»

ማንም ሳይጠይቃት እኔ ጠየቅኋት። «የመጨረሻ ምን አለችሽ?»

«‹መልሰሽ ደውዪላቸው› አለችኝ።»

ቁጥሩ ስልኩ ላይ ነበር። ለመደወል ጊዜ ነበር። ይህን ሳስብ እጄን የማደርግበት አጣለሁ፤ ዛሬም እንደዚያው ነው።

እናቴ ዘንድ ሄጄ ጥላን እንዳልሄደች ነገርኋት። «ታዲያ ተቀብለዋት ነበር?» አለች። አዎ አልኳት። ተነስታ፣ ከፖሊስ ጣቢያ የተመለሰውን አንሶላ አጠበችው።

ቴሳ ሳታስብ ሰው በመግደል ስድስት ዓመት ተፈረደባት። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ፣ ከአሥራ አንዱ መልስ ሳይሰጥ የቀረው ድርጅት ለሄዘር ኢሜይል ላከ፤ ዘንድሮ ሊቀበላት ባለመቻሉ አዝኖ፣ በሚቀጥለው ዓመት እንድታመለክት ያበረታታታል። ሰንጠረዡ ላይ የመጨረሻውን ኤክስ ያደረግሁት እኔ ነኝ።