በወርቀ ዘቦ የተጠለፈው የዓይን መሸፈኛ

የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ በድርቁ ወር አንድ ማለዳ፣ በልዑሉ ግቢ ካለው የጥልፍ ቤት ሁለት ሰዎች ገቡ፤ አንዱ እልፍኝ አስከልካዩ፣ ሌላው ባሕር ማዶ ተምሮ የመጣ የዓይን ሐኪም ነበር። ጥልፈኞቹ ተነሥተው እጅ ነሡ። የቤቱ አለቃ የሆነችው አሮጊት ግን ማን እንደ ገባ አላወቀችም፤ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ድምፅ ጠበቀች።

ቀኝ ዓይኗን ያጠፋው፣ የዓይን ሞራን በመርፌ ወደ ታች የሚገፋ ተዘዋዋሪ ባለመድኃኒት ነበር፤ ጥቂት ቀን አየችበት፣ ሰውየው ከከተማው ከወጣ በኋላ ዓይኗ መግል ቋጥሮ ፈሰሰ። አሁን ግራውንም ሞራ ለብሶታል።

"የልዑላችንን ዓይን ሞራ ይዞታል" አለ እልፍኝ አስከልካዩ። "ሐኪሙ ቀድጄ አወጣዋለሁ ይላል፤ በልዑል ዓይን ደግሞ አይሞከርም። በአንቺ ይሞከራል።"

"እምቢ ብልስ ጌታዬ?"

"ማን ጠየቀሽ?"

ሐኪሙ ሊፈትናት የደነዘ መርፌ ይዞ ወደ ዓይኗ ሲቀርብ ሴትዮዋ ጭምቅ አድርጋ ጨፈነች። ደገመ፤ ደገመች። ቀና ብሎ ቢያይ ጥልፈኞቹ ሁሉ መርፌያቸው ከጨርቁ ብቅ ባለ ቁጥር እንደዚያው ዓይናቸውን ይጨምቃሉ፤ የተወጠረ የወርቀ ዘቦ ክር ተበጥሶ እንዳይገርፋቸው ከልጅነት የለመዱት ነው። ሐኪሙ መርፌውን አወረደ።

"ጠብታዬ ሕመም ያደነዝዛል እንጂ ልማድ አያደነዝዝም" አለ። "ዓይኑ በምላጭ ተቀድዶ ሳለ እንዲህ ከጨመቁት፣ ውስጡ ያለው ይፈስሳል።"

"ዓይን አውጣ የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው ኖሯል" አለች አሮጊቷ።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ሐኪሙ እንዳዘዘው፣ እዚያው ጥልፈኛ የሆነችው ልጇ የደነዘውን መርፌ ይዛ በእናቷ ዓይን ላይ ታንዣብብ ጀመር።

"እማ፣ እንዳትጨፍኚ።"

"አልጨፈንኩም።"

"ጨፈንሽ እንጂ!"

"እጅሽ ሲንቀጠቀጥ ምን ላድርግ? ዓይኔን ግንባር ያድርገው ካልተንቀጠቀጥሽ!" አለችና ደነገጠች፤ በዚያ ሰሞን የሚማል መሐላ አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን በመስኮቱ ብርሃን ሥር አጋደሟት። ሕመም አልነበረም፤ ይልቁንም ያስፈራት እርሱ ነው፤ ምላጩ የት እንደ ደረሰ የሚነግራት ነገር ጠፋ። ሽፋሽፍቷ መርገብገብ ሲጀምር ልጇ ጭንቅላቷን ይዛ "የእኔ መርፌ ነው እማ፣ የጠዋቱ ነው" ብላ ዋሸቻት። ሽፋሽፍቱ ረጋ። ደመና የመሰለ፣ ምስር የሚያህል ነገር ወጣ።

ፋሻው በተፈታ ጊዜ ሐኪሙ ወፍራም መነጽር ሰካላት፤ ልጇን ትክ ብላ አየቻት።

"አርጅተሻል።"

"አንቺ ነሽ ያስረጀሽኝ።"

ሐኪሙ ልዑሉም እንደ እርሷ በመርፌ ይለማመዱ ብሎ ለመነ። "በልዑል ፊት ጣት እንኳ አይቀሰርም፤ አንተ መርፌ ትላለህ?" ሲል እልፍኝ አስከልካዩ ከለከለ። ልዑሉ ምላጩ ሲቀርብ ዓይናቸውን ጨመቁ፤ ዓይኑም ፈሰሰ። ሐኪሙ በሰንሰለት ታሰረ፤ ከእስር ቤትም "ጥልፈኛዋን ጠይቁ፤ ታያለች፤ ምስክሬ እርሷ ናት" ብሎ ላከ።

እልፍኝ አስከልካዩ ብቻውን መጣ። ሴትዮዋ የምታይ ከሆነ ጥፋቱ የሐኪሙ ሳይሆን ልምምዱን የከለከለው የእልፍኝ አስከልካዩ ነው፤ እንዲህ ያለ ምስክር ደግሞ ዕድሜ እንደሌለው እናትና ልጅ አላጡትም። የጫማውን ድምፅ ሲሰሙ መነጽሩ ከክር ቅርጫቱ ሥር ገባ።

"የእናትሽ ዓይንስ?"

"እንደ ቀኙ ሆነ ጌታዬ" አለች ልጅቷ። "ጥቂት ቀን አይታ ጠፋ።"

"ዓይንህን ጨፍን ላሞኝህ ነው?" አለና ከግምጃው ላይ መርፌ መዝዞ፣ ጫፉን ወደ አሮጊቷ ግራ ዓይን ሰደደው። ብልጭታው ሲመጣ አየች። ዓይኗ ግን አልተርገበገበም፤ ሐኪሙ ያስተማራት ይህንኑ ነበርና።

"ዕውር ናት" አለ ከልካዩ፤ መርፌውን ጥሎ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ልጅቷ "ሐኪሙስ እማ?" አለች። እናቷ መነጽሩን ከቅርጫቱ ሥር አውጥታ ሰካችና መርፌዋን አነሣች። ሐኪሙን ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

የልዑሉ የዓይን መሸፈኛ ዛሬም በመስታወት ሥር ተቀምጧል፤ ጥቁር ሐር፣ ዳር ዳሩ ከፀጉር በቀጠነ ወርቀ ዘቦ የተጠለፈ። ጥልፉ በተቀረቀረ በር ውስጥ የእናትየዋ እጅ ሥራ ነበር፤ ዜና መዋዕሉ ግን "የዕውሯ ጥልፈኛ ልጅ ሠራችው" ይላል፤ ሐኪሙንም "ዓይን አጥፊ" ብሎ ያልፈዋል። ሞራን ቀድዶ ማውጣት በዚያ አገር እንደ ገና የተሞከረው አንድ ትውልድ ካለፈ በኋላ ነው፤ በመካከሉ የታወሩትን የጻፈ የለም።